በረዶ ብረትን ምን ያህል አጥብቆ ይይዛል? በቤት ፍሪዘር የመለኪያ አሠራር

ፍሪዘር ግድግዳ ላይ የተጋገረ በረዶ በቢላ ሲፈነቀል አሉሚኒየሙ ተበስቶ ጋዙ ይወጣል። ይህ አደጋ የሚደጋገመው በረዶው ብረቱን የያዘበት ኃይል ከግምት በላይ ስለሆነ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም ወይም ብረት ላይ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ይህ ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 1,500 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። በሚዛን ቋንቋ ሲነገር፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በረዶ ወደ ጎን ተስቦ እንዲላቀቅ ከ3 እስከ 15 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ጉተታ ይፈልጋል።

ክልሉ ይህን ያህል የሰፋው በረዶው ዐመለኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብረቱ በጣት ተነክቶ ከሆነ፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች ረግቶ ከሆነ፣ መሳቢያው ሽቦ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ብረት ላይ ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘጋል። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ፣ የፍሪጅ ጥገና ቤት፣ ወይም አንድ ቅባት በእርግጥ በረዶ እንደሚያስለቅቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በጥቂት ዕቃ ሊሠራው ይችላል።

የሚለካው ምንድን ነው

በረዶን ወደ ላይ ነቅሎ ማንሣትና ወደ ጎን አንሸራቶ ማላቀቅ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው። እዚህ የሚለካው ሁለተኛው ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ብረቱ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ይረጋል፤ ቀለበቱ ወደ ጎን ይሳባል፤ የተላቀቀበት ጉተታ በሻንጣ ሚዛን ይነበባል፤ ያ ጉተታ በረዶው ብረቱን ለነካበት ስፋት ይካፈላል።

ዕቃዎች

* 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ዝርግ። ብረት ወይም ስቴንለስ ስቲልም ይሆናል። ስስ ላሜራ አይሆንም፦ ሲሳብ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ብረት ደግሞ በረዶውን ከዳር ይልጠዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። 6 ሚሊ ሜትሩ አሉሚኒየም ከፍሪዘር ወጥቶ ጣውላ ላይ ሲቀመጥ በግማሽ ደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግን በዚያው ጊዜ ስድስት እጥፍ ይሞቃል።
* የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ግድግዳው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ።
* እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል የሻንጣ ሚዛን።
* የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ 40 ሴንቲ ሜትር። ለፌሮ ማሰሪያ የሚሆነው ለስላሳ ሽቦ ጉተታው ሲበረታ ስለሚለጠጥ አይጠቅምም።
* ሙሉ ጥርስ ያለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከዳዶና ከሮንዴላ ጋር፣ አንድ ቁራጭ አንጎላሬ፣ ሁለት ቡሎን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ።
* ካሊፐር፣ ባለ 5 ሚሊ ሊትር የመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ፣ ሽቦ መሰል ጫፍ ያለው ቴርሞሜትር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም።
* ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80 እና 400፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አሴቶን፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት።
* የተጣራ ውሃ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፤ ነገር ግን ጽሑፉን ያንብቡ፣ ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሚዛኑን አስቀድመው ይፈትኑት። ባዶ ጀሪካን ይመዝኑ፣ 20 ሊትር ውሃ ይጨምሩ፣ እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ 20 ኪሎ ካልሆነ፣ የታየውን ስሕተት ጽፈው ይያዙና በኋላ ከንባቦቹ ላይ ያርሙ።

ብረቱን ማጽዳት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ከጣት የሚቀር ቅባት በዓይን አይታይም፤ ውጤቱን ግን ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ተመራማሪዎቹ ራራቲ እና ታቦር ባወጡት ጥናት፣ በእርግጥ ንጹሕ የሆነ ብረት ላይ የረጋ በረዶ ሲሰበር የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ራሱ በረዶው ውስጥ እንጂ መገናኛው ላይ አይደለም፤ ትንሽ ቆሻሻ ሲገባ ግን መገናኛው ይላቀቃል።

1. ዝርጉን በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያረጠቡ፣ ክብ እየሠሩ ለ3 ደቂቃ ይፈግፍጉ። ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ወረቀት ይሥሩ፤ ጭረቱ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል።
2. በሳሙና አጥበው በሙቅ ውሃ ያለቅልቁ። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አይንኩት።
3. በአሴቶን የራሰ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየቀየሩ ይድገሙ።
4. ከፍሪዘሩ ርቆ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያድርቁት። አሴቶን ያለበትን ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፦ ትነቱ ታፍኖ ይጠራቀማል፤ የቴርሞስታቱ ወይም የመብራቱ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል።
5. የተጣራ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው እንደ አንድ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ለ30 ሰከንድ ሳይከፈል ከቆየ ንጹሕ ነው። ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት ስላለ ወደ ሁለተኛው ተራ ይመለሱ።

ከጸዳ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት። ወጥ ሲሠራ ወጥ ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ የዋለ ዝርግ የዘይት ትነት ስለሚቀመጥበት እንደገና መታጠብ አለበት።

ቀለበቶቹን ማዘጋጀት

ቧንቧውን በሰጌቶ 15 ሚሊ ሜትር እያደረጉ ይቁረጡ። ቁጥር 400 ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተው የቀለበቱን አፍ ፍጹም ጠፍጣፋ እስኪሆን ያሹት። ጠፍጣፋነቱን ለማወቅ ቀለበቱን መስታወት ላይ አስቀምጠው ከኋላ ባትሪ ያብሩ፤ ከሥሩ ብርሃን ካፈተለከ ውሃም ያፈተልካል።

የውስጥ ስፋቱን በሦስት አቅጣጫ ለክተው አማካዩን ቀለበቱ ላይ ይጻፉ። በ20 ሚሊ ሜትር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በረዶው ብረቱን የሚነካበትን የካሬ ስፋት በ10 ከመቶ ያዛባል። ሚዛኑ ያሳየውን ኪሎ በሚከተለው ቁጥር ሲያበዙ ኪሎ ፓስካል ያገኛሉ፦ ለ18 ሚሊ ሜትር 38.5፣ ለ20 ሚሊ ሜትር 31.2፣ ለ22 ሚሊ ሜትር 25.8። 20 የተመረጠው በምክንያት ነው። በዚህ ስፋት ባለ 50 ኪሎ ሚዛን እስከ 1,560 ኪሎ ፓስካል ድረስ ይለካል። 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት ቢሆን ግን ሚዛኑ 1,000 ላይ ያበቃል፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ያንን ሊያልፍ ይችላል።

ቀለበቶቹ በሳሙና ታጥበው ይደርቁ። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ቫዝሊን ወይም ሲሊኮን ከሥር መቀባት ልኬቱን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል፤ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይስፋፋና የሚለካው ብረቱ መሆኑ ቀርቶ ቫዝሊኑ ይሆናል።

ውሃውን ማፍሰስና ማርጋት

የተጣራውን ውሃ 10 ደቂቃ አፍልተው ክዳኑን ገጥመው ያቀዝቅዙ። ይህ በውስጡ ያለውን አየር ያስወጣል፤ አየር በረዶው ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ መገናኛው ላይ ካረፈ ደግሞ የተነካውን ስፋት ይቀንሳል።

ዝርጉንም ውሃውንም ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ዲግሪ ያውርዱ። ዝርጉን ከዜሮ በታች አድርሰው ውሃ ማፍሰስ የተለመደ ስሕተት ነው፦ ቀዝቃዛው ብረት ከአየሩ እርጥበት ስቦ አመዳይ ይይዛል፣ የሚፈሰው ውሃም ብረቱን ሳይሆን አመዳዩን ይነካል።

አራት ቀለበቶች በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይደርድሩ። በሲሪንጅ 3.1 ሚሊ ሊትር ውሃ በግድግዳው በኩል ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ይህ በ20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ በ9 ከመቶ ስለሚፋፋ ከላይ ቦታ ይተዉለት። ፎሙን በአራቱም ቀለበቶች ላይ እንደ ክዳን ያኑሩና 1 ኪሎ ስኳር በላዩ ያስቀምጡ። ሁለት ደቂቃ ጠብቀው በሶፍት ወረቀት ዙሪያውን ይንኩ። እርጥብ ከሆነ ቀለበቱን አንሥተው፣ አድርቀው እንደገና ይጀምሩ። ከቀለበቱ ውጭ የረጋ ውሃ ስፋቱን ይጨምራል፤ በሒሳቡ ውስጥ ግን አይገባም።

ፎሙ የተፈለገው ለክብደት ማረፊያ ብቻ አይደለም። ውሃው ከታች፣ ከብረቱ ጀምሮ፣ ወደ ላይ መርጋት አለበት። ክዳን ከሌለ በረዶው ከላይ ይጀምርና መጨረሻ የሚረጋው ብረቱን የነካው ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ሲፋፋ መውጫ የለውም፤ ቀለበቱን ወደ ላይ ገፍቶ መገናኛውን ገና ሳይሳብ ይሰነጥቀዋል። አረፋውም ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። ዝርጉ ስለዚህ በቀጥታ የሚያቀዘቅዘው የፍሪዘሩ ወለል ላይ ይቀመጥ። በነፋስ በሚያቀዘቅዝ፣ አመዳይ በማይሠራ ፍሪዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ወለል የለም፤ አስቀድሞ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ወፍራም ብረት ከዝርጉ ሥር ያስገቡ።

የቴርሞሜትሩን ጫፍ ዝርጉ ላይ በፕላስተር ያስሩ። የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ወደ −18 ዲግሪ የተስተካከለ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ሲነሣና ሲጠፋም በጥቂት ዲግሪዎች ይዋዥቃል። ውሃ ሞልተው ያረጉዋቸው ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶች ዙሪያውን ሲያስቀምጡ ውዥቀቱ ይቀንሳል። ሦስት ሰዓት ይጠብቁ፤ ሁሉንም ሙከራ ከሦስት ሰዓት ቆይታ በኋላ ያድርጉ። አንዱን በሦስት ሰዓት፣ ሌላውን አሳድሮ ማወዳደር አይቻልም።

አንዴ −18 ደርሶ ወደ −5 የተመለሰ ናሙናም አይለካም። በረዶ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅዝቃዜ በሚሊዮን 51 ያህል ይኮማተራል፤ አሉሚኒየም 23፣ ብረት 12 ብቻ። ሙቀቱ ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር ሁለቱ እርስ በርስ ይጓተታሉ፣ መገናኛው ላይም ጥቃቅን ስንጥቅ ይፈጠራል።

መሳቢያውን መሥራት

ጣውላው ላይ፣ ከአንድ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ሁለት ቡሎን በ7 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ። ዝርጉ አይታሰርም፤ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ላይ ተቀምጦ ጠርዙ በእነዚህ ቡሎኖች ላይ ይደገፋል። የቡሎኖቹ ራስ ከዝርጉ በላይ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። በሌላኛው ጫፍ አንጎላሬውን በቪቴ ያስሩና ከጣውላው ወለል 27 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ በትራፓኖ 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ጥርስ ያለው ዘንግ በዚያ ያልፋል፤ በውስጥ በኩል ያለው ጫፉ ታጥፎ የሚዛኑን ማንጠልጠያ ይይዛል፤ በውጭ በኩል ሮንዴላና ዳዶ ይገባበታል። ዳዶው በቁልፍ ሲዞር ዘንጉ ይሳባል።

የፍሬን ሽቦውን ለሁለት አጥፈው ጫፎቹን የሚዛኑ መንጠቆ ላይ ያስሩ፤ መታጠፊያው ቀለበቱን ከኋላ ያቅፈዋል። ሽቦው ዝርጉ ላይ እንደተኛ፣ ከዝርጉ ጋር ትይዩ ሆኖ መሳብ አለበት። ይህ ነጥብ ቀላል አይምሰል። ሽቦው ከፍ ባለ መጠን ጉተታው ቀለበቱን ከማንሸራተት ይልቅ ወደ ፊት ለመገልበጥ ይሠራል። በ20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ላይ ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል በኋላው ጠርዝ የሚፈጠረው ወደ ላይ የመንቀል ጫና የአማካዩ የጎን ጫና 0.4 እጥፍ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን 2 እጥፍ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሩም ያለ አግባብ ያንሳል።

መሳብ

ጣውላው ከነአንጎላሬው ፍሪዘር ውስጥ ቀዝቅዞ ይቆይ። ሚዛኑ ግን እስከ መሳቢያው ሰዓት ውጭ ይሁን፤ በብርድ ባትሪው ይደክማል፣ የመስኮቱም ቁጥር ይዘገያል። ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ካለ እዚያው ውስጥ መሳብ ይመረጣል። የቁም ፍሪዘር ከሆነ ዝርጉን አውጥተው አንድ ቀለበት ብቻ ይሳቡ፣ ከ30 ሰከንድ በላይ ውጭ ሳያቆዩ ይመልሱት፣ ሙቀቱ ወደ ነበረበት ሲወርድ ቀጣዩን ይሳቡ።

የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። 30 ኪሎ ላይ የሚላቀቅ ቀለበት ይፈናጠራል፤ በአጭር ክር ከጣውላው ጋር ቢታሰር ጥሩ ነው። እርጥብ እጅ −18 ዲግሪ ያለውን አሉሚኒየም አይንካ። ቆዳ ከተጣበቀ አይጎትቱ፤ ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱበት፣ ራሱ ይለቃል።

ብዙ የሻንጣ ሚዛኖች ቁጥር የሚይዙት ክብደቱ ረግቶ ሲቆም ነው፤ ከፍተኛውን ቅጽበት አይዙም። ስለዚህ መስኮቱን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ፣ በኋላ ቀስ አድርገው እያዩ ከመላቀቁ በፊት የታየውን የመጨረሻ ቁጥር ይውሰዱ።

ሽቦው እስኪወጠር ዳዶውን በእጅ ያዙሩ። ከዚያ በቁልፍ በየ3 ሰከንዱ ሩብ ዙር ያዙሩ። የባለ 8 ሚሊ ሜትር ዘንግ መደበኛ ጥርስ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ይህ ፍጥነት በሰከንድ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። መሃል ላይ አያቁሙ። በረዶ ጫና ተሸክሞ ሲቆይ ቀስ እያለ ይፈሳል፤ ቆሞ የቀጠለ ጉተታ ሳይቋረጥ ከተሳበው ጋር አይወዳደርም።

የተላቀቀውን ቦታ ማየት

ሚዛኑን ከማንበብ ባልተናነሰ ይህ ያስፈልጋል። ወዲያው ባትሪ ወደ ጎን አዘንብለው ዝርጉ ላይ ያብሩ። ብረቱ ባዶ ሆኖ ከታየ መገናኛው ተላቅቋል፤ ቁጥሩ በእርግጥ የመጣበቂያው ኃይል ነው። ስስ የበረዶ ሽፋን ከቀረ የተሰበረው በረዶው ነው፤ መጣበቂያው ከተነበበው ይበልጣል ማለት ብቻ ይቻላል። ግማሽ በግማሽ ከሆነም እንደዚያው ይጻፉት። ለማየት እንዲመች ውሃውን በቀለም ማቅለም አይገባም፤ ቀለሙ ራሱ መገናኛው ላይ ይከማቻል።

ሒሳቡ

ለእያንዳንዱ ብረትና ሙቀት ቢያንስ 7 ቀለበት ይሳቡ። ለምሳሌ ንባቦቹ 18.2፣ 21.5፣ 16.9፣ 23.0፣ 19.4፣ 12.1 እና 20.3 ኪሎ ቢሆኑ፣ አማካያቸው 18.8 ኪሎ ነው፤ በ31.2 ሲባዛ 586 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። የንባቦቹ መበታተን (መደበኛ ልዩነት) 111 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። ይህን ያህል መበታተን በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ ሁለት ቅባቶች በ50 ኪሎ ፓስካል ተለያዩ ብሎ አንዱን ማሞገስ አይቻልም።

12.1ን ለመጣል እጅ ይፈጥናል። መጣል የሚቻለው ከመሳቡ በፊት የተጻፈ ምክንያት ካለ ብቻ ነው፦ ውሃ አፍስሶ ነበር፣ አረፋ ይታይ ነበር፣ ቀለበቱ ተነክቶ ነበር። ከተሳበ በኋላ ቁጥሩ ስላልጣመ ብቻ የተጣለ ንባብ ውጤቱን ወደ 620 ያሳድገዋል፤ ያ ጭማሪ ከብረቱ የመጣ አይደለም።

ምን ከምን ጋር ማወዳደር ይጠቅማል

ሙቀት፦ −3፣ −8፣ −13 እና −18 ላይ ይለኩ። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1850 የበረዶ ገጽ ከዜሮ በታች ሆኖም ስስ የሆነ ውሃ መሰል ሽፋን እንዳለው አስተምሮ ነበር፤ ወደ ዜሮ ሲጠጉ መጣበቂያው የሚላላው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። ተመራማሪው ጄሊኔክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስቴንለስ ስቲል ላይ ሲለካ ኃይሉ እስከ −13 ዲግሪ አካባቢ እየጨመረ ሄዷል፤ ከዚያ በታች መሰበሩ ወደ በረዶው ውስጥ ገባ። በቤት መሣሪያም የተላቀቀውን ቦታ በማየት ይህን ለውጥ መከታተል ይቻላል።

ሸካራነት፦ በቁጥር 80 የተፈገፈገ ከ400ው ይበልጣል፤ ውሃው ሳይረጋ ጭረቱ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቆለፋል። ብረትን ለማብረቅ የሚሸጥ ቅባት ከተጠቀሙ እንደገና በአሴቶን ያጽዱ፤ ሰም ጥሎ ይሄዳልና።

ጨው፦ በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም የገበታ ጨው ይሟሙ። ውሃው ሲረጋ ጨውን ይገፋል፤ የተገፋው ጨዋማ ውሃ እስከ −21 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ በበረዶውና በብረቱ መካከል ይቀራል። ኃይሉ በጣም ሲወርድ ታያላችሁ፤ ለተማሪዎች ከዚህ የሚሻል ማሳያ የለም።

ዘይትና ሲሊኮን፦ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ቀብተው ቢጠርጉት የመጀመሪያው ንባብ ያስደስታል። ሳያጥቡ እዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አሥረኛ ጊዜ ይለኩ፤ እየተላቀቀ የሚሄደው በረዶ ዘይቱን ይዞት ይሄዳል፣ ቁጥሩም ወደ ባዶው ብረት ይመለሳል። ስለ ማንኛውም ቅባት ሊነገር የሚገባው የአሥረኛው ንባብ ነው። ሲሊኮን የተሻለ ይቆያል፤ ውፍረቱ ግን ይወስናል። ለስላሳ ሽፋን በረዶን የሚለቀው ራሱ ስለሚለጠጥ ነው፣ ኃይሉም ከውፍረቱ ካሬ ሥር ጋር ተገላቢጦሽ ይሄዳል፦ 0.1 ሚሊ ሜትር ሽፋን ከ1 ሚሊ ሜትሩ 3 እጥፍ ያህል አጥብቆ ይይዛል። በዘርፉ ልማድ በረዶ አይይዝም የሚባለው ገጽ ከ100 ኪሎ ፓስካል በታች ያለው ነው፤ በረዶ በራሱ ክብደት ወይም በነፋስ እንዲወርድ ደግሞ ከ20 በታች መሆን አለበት። በባለ 20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይህ ከ3.2 ኪሎና ከ0.64 ኪሎ በታች ማለት ነው።

ቁጥሩ ፍሪዘር ግድግዳ ላይ ሲመለስ

600 ኪሎ ፓስካልን በ1 ካሬ ሜትር ግድግዳ ብናበዛው 61 ቶን ይወጣል። እንዲህ ያለ ጉተታ ግን ማንም አይፈልግም፤ ትልቅ በረዶ በአንድ ጊዜ አይላቀቅም። ከዳር ስንጥቅ ይጀምርና ስንጥቁ ይሮጣል። ስለዚህ የትንሽ ቀለበት ልኬት ገጾችን እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ በትልቅ ስፋት ተባዝቶ ጉልበት ለመተንበይ አይሆንም።

በሙቀት በኩል ያለው ሒሳብ ግን በቀጥታ ይሠራል። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ ያለ የ1 ሴንቲ ሜትር በረዶ 9.2 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ሁሉንም ማቅለጥ 3,060 ኪሎ ጁል ይፈጃል፤ ብረቱን የነካውን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ማቅለጥ ግን 31። በረዶው እንዲለቅ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። አሉሚኒየም ከበረዶ 100 እጥፍ ያህል የተሻለ ሙቀት ስለሚያስተላልፍም ሙቀቱ በብረቱ በኩል ቢገባ ይፈጥናል።

ስለዚህ ፍሪዘሩን ከሶኬት ነቅለው፣ በረዶው በጣም የሳሳበትን አንድ ጥግ ይምረጡና በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ አሉሚኒየሙ እስኪጋለጥ ይያዙበት። ከዚያ ጨርቁን እየቀያየሩ በዚያው በተጋለጠው ብረት ላይ ያቆዩት፤ ሙቀቱ ከበረዶው ሥር ይሄዳል። ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ሊትር የፈላ ውሃ በድስት፣ ከሥሩ ጣውላ አድርገው፣ ውስጥ ያስቀምጡና በሩን ይዝጉ፤ በየ20 ደቂቃው ይቀይሩት። በረዶውና ግድግዳው መካከል ውሃ ሲወርድ ከታየ ቁራጩ በእጅ ይነሣል። እስከዚያ ድረስ ቢላም ካቻቢቴም አይጠጋ፦ ጋዙ የሚያልፍበት የአሉሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

በረዶው ከወጣ በኋላ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ እስከ ጥጉ ያድርቁ፣ በሩን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ግድግዳው ላይ የቀረ የውሃ ሽፋን ፍሪዘሩ ሲበራ ከብረቱ ጀምሮ ወደ ላይ ይረጋል፤ ያለ አረፋ፣ ያለ አመዳይ፣ ልክ በቀለበቶቹ ውስጥ እንደተደረገው።